የግራው ማዳመጫ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ይህ ጽሑፍ ከነልጆችሽ በደህና ያግኝሽ። በእኛ ቤት ሁሉም ሰላም ነው።

ሥራዬ ግን አበሳጭቶኛል። ያለገመድ ከስልክ ጋር የሚገናኘውን የጆሮ ማዳመጫ በዚህ ወር ማስረከብ ነበረብን፤ የግራው ድምፅ እየደከመ አስቸገረኝ። አንቴናውን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ደህና የሚሠራውን የቀኙን በግራ ጆሮዬ ባደርገውም ያው ደከመ። ስለዚህ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍኩት።

አብራኝ የምትሠራው ኢንጂነር በራሷ ጆሮ ሞክራው፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ጆሮ ይበጥሳል! ምን ጎደለው ብለው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። የመለኪያ መሣሪያዎቹም ከእሷ ጋር ተስማሙ። የመጨረሻውን የድምፅ ፍተሻ ለእሷ አስተላልፌያለሁ፤ ምክንያቱን የሥራ ብዛት ብዬዋለሁ።

ለመሆኑ፣ አባባ ሬዲዮውን እስከ ጥግ መክፈት የጀመሩት በስንት ዓመታቸው ነበር? መልሱን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ብትልኪልኝ እመርጣለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ ታናሽ ወንድምሽ