ስሙን ያልሰጠው መንገደኛ

ኅዳር 3፣ ሐይቅ
ቀጠሮ ተራዘመ። ዳኛው ሥልጠና ላይ ናቸው። ከፍ/ቤት ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ቢሮዬ በር ላይ ቁጢጥ ብሏል። ትናንት ከውጫሌ ሲመጣ በአይሱዙው አንድ ሽማግሌ ገጭቷል። እግራቸው ተሰብሯል። አንስቶ ሆስፒታል አድርሷቸዋል፤ ሐኪሞቹ ማን ነህ ሲሉት መንገደኛ ነኝ ብሎ ወጥቷል። ደብተሬ፣ የጠበቃ ወንድም እንዲህ ነው። አፍህን ዝጋ አልኩት። በራሱ ላይ እንዲመሰክር የሚገደድ የለም። ቀለል ብሎት ሄደ።

ኅዳር 4
ሕጉን ደግሜ አነበብኩ። ዝም የማለት መብት አለ። ሰው የገጨ ሹፌር ደግሞ መቆም፣ መርዳት፣ ስሙን መስጠት አለበት። ስም መስጠት ጥፋትን ማመን አይደለም። ለሌላ ደንበኛ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ አስረዳ ነበር። ለወንድም ሲሆን ፈራሁ። ቢታሰርስ?

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
እማ ሰምታለች። ከማን፣ አትጠይቀኝ። ሼሁንና ቄሱን አንድ ላይ ወደ ተገጩት ሰው ሽማግሌ ልትልክ ነው። እዚህ አገር ሽማግሌ «የመታዎ የኛ ልጅ ነው» ሳይል ዕርቅ አይጀመርም። ያ ቃል ነገ ማስረጃ ይሆናል አልኳት። ረጋ ብላ መለሰችልኝ።
«ሰውየው ማን እንደመታው ሳያውቅ ለማን አውፍ ብሎ ይቅር ይበል?»
ተናደድኩ። እስከ ነገ እንድትታገስ ለመንኳት።

ኅዳር 6
ከእማ ጋር ሆስፒታል ሄድን። በሽተኛ ለመጠየቅ መተዋወቅ አያስፈልግም። ሽማግሌው ጋሽ ተገኘ ይባላሉ፣ የአምባሰል ገበሬ። መኪናው ከኋላ ነው የመታቸው፣ አላዩትም። ሲነቁ ያነሳቸው መንገደኛ አጠገባቸው ነበር። እሱን ሲመርቁ ይውላሉ። የገጨኝን መኪና ሳያይ አይቀርም፣ ይመስክርልኝ፣ አፈላልጉልኝ ይላሉ።
«ስሙን እንኳ ባውቀው በጸሎቴ አነሳው ነበር።»
እማ አንገቷን ደፋች። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። አፈርኩ።

በዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት
ሽማግሌው ያሉትን ለሰይድ ነገርኩት። አለቀሰ። ነገ ጠዋት ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ስሙን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ታርጋውን ይሰጣል። እንዴት ገጨህ ካሉት እኔ እስክናገር ዝም ይላል፤ መብቱ ነው።
ጋሽ ተገኘ ዘንድስ ስሄድ ዝም ልበል? አለኝ።
እዚያ መብት የለህም አልኩት።