የመመለሻ ቀን የሌለው ወረቀት

አዳነ ሆዴ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ዛሬ ያለ አንተ የማሳልፈው ሦስተኛው ፋሲካ ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጠይቅህ አልችልም፤ የራሴን ደህንነት ልንገረው ብዬ ብዕር አነሣሁ። ብዕሩን ካነሣሁ በኋላ ግን ደህና መሆኔን ተጠራጠርኩ።

ፈርቻለሁ። ከዚህ ልጀምር።

ነገ ማለዳ መንገድ እሄዳለሁ። ወደ ጣና። ውሃው ላይ፣ በመርከብ፣ ለመዝናናት። አትሳቅ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የገመድ አልጋችንን፣ አንገረቡን፣ ከቤት አውጥቼ ኒሙ ጥላ ሥር አድርጌዋለሁ። ገመዱ አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል እንደ ረገበ ነው፤ አላስጠበቅሁትም። አሁንም እላዩ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ ቀስ እያለ ወደ አንተ በኩል ያንሸራትተኛል። የውሃው ዚር፣ የሸክላው ጋን፣ ተሰንጥቆ ሌላ ገዛሁ፤ አዲሱ ውሃ አያቀዘቅዝም። የመፍቻ ሳጥንህን ከትራክተር ጋራዡ መጥተው ሊወስዱት ነበር። የግሉ ነው፣ ከእኔ ጋር ይቀራል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ትተውት ሄዱ። ያን ቀን አልፈራሁም። ለምን እንዳልፈራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመርከቡ ነገር እንዲህ ነው የመጣው። በየካቲት ከአውራጃው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ኮከብ ሠራተኛ ሆነሽ ተመርጠሻል የሚል። ክሊኒኩ ውስጥ ድሬሰር እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንን እንደ በለጥኩ አልገባኝም። ሽልማቱ የጸደይ ጉብኝት ነው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ፣ ከሌሎች ኮከቦች ጋር፣ ከጎርጎራ ባሕር ዳር በመርከብ፣ በየደሴቱ እየቆሙ። ደብዳቤው ተደሰቱ ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለ። ማኅተም ያረፈበትን ደስታ እምቢ ማለት ከባድ ነው። እምቢ ብል ለምን ይሉኛል። እሺ ብል ደግሞ፣ ይኸው እንዳየሁት፣ ለምን ይሉኛል።

ውሃ ላይ የወጣሁት በዕድሜዬ አንዴ ነው። አንተ ነበርክ ያወጣኸኝ። ጓንግ ወንዝ ሞልቶ፣ በአራት በርሜል ላይ ሳንቃ አስረው ሰው ሲያሻግሩ። መሀል ስንደርስ በርሜሎቹ ዞሩ። እኔ የምይዘው አጥቼ ጆሮህን ያዝኩ። ማዶ እስክንደርስ አለቀቅሁትም፤ ሦስት ቀን ቀልቶ ሰነበተ። ጓደኞችህ፣ ሚስትህ ቀጣችህ ወይ እያሉ ሲያበሽቁህ፣ አንተ ጣና ወስጄ ውሃ አስለምዳታለሁ፣ እስከዚያ ሌላኛው ጆሮዬ ይቆያታል አልካቸው። ቀልድ ነበር። እኔ ግን ቃል አድርጌ ይዤው ኖሯል።

አንተ የለህምና ሌላ ሰው ጠየቅሁ። ይኄነው የሚባል ጎጃሜ እግሩን ቆስሎ ክሊኒክ ይመላለሳል፤ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ ወባ ይዞት እዚሁ የቀረ ነው። ጣናን አምስት ጊዜ ተሻግሯል። ቁስሉን ስጠርግለት እሱ ያስተምረኛል።

«እታለም፣ ባዶ ሆድሽን አትውጭባት። ጥግብ ብለሽም አትውጭባት። በሶ ያዢ። ሎሚ ያዢ። ከሞተሩ ራቂ፣ የሚያስመልስ ሽታው ነው። ውሃውን አትይው፣ ዳር ዳሩን እይ። የሚያዳልጥ ጫማ ካረግሽ ግን እኔ የለሁበትም። አንድ ነጋዴ አብሮን ተሳፍሮ ሆዬ፣ በገዛ ባርኔጣው አስመለሰና፣ መሬት ሲደርስ በደስታ ረስቶት ራሱ ላይ ደፋው።»

ሳቅሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ክሊኒክ ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ የነገረኝን ሁሉ በመድኃኒት ካርድ ጀርባ ጻፍኩ፤ ያልተማሩትን ትምህርት የሚፈተኑ ይመስል በልቤ አጠናሁት። በሶ አስፈጨሁ። ሎሚ ገዛሁ። ኮዳ ተዋስኩ። ሸሕዲ የሚሄድ ሰው ልኬ የማያዳልጥ ሸራ ጫማ አስመጣሁ። ሁለቱም እጄ ብረት እንዲይዝ ደግሞ ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ።

አሁን እነዚህን ዕቃዎች በመተማ ሰው ዐይን እያቸው፣ አዳነ። ሸራ ጫማ። በሶ። ኮዳ። የሚታዘል ቦርሳ። ድልድዩ ላይ ወታደር ስላለ ወደ ሱዳን የሚሻገር ሰው በጫካ ዞሮ ነው የሚሻገር። የሚሻገር ሰው የሚይዘው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ። እኔ መካሪዬ ጣናን እንጂ ድንበሩን የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ እዚህ ከተማ እየኖርኩ ይህ አልታየኝም። እንዴት አይታየኝም? ይህን ጥያቄ ሌላ ሰውም ይጠይቀኝ ይሆናል። እሱም ያስፈራኛል።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ናቸው፤ እኩለ ቀን ላይ፣ መንገዱ ከሙቀቱ የተነሣ ሰው አልባ ሲሆን። ልጃቸውን ሞላን ታስታውሰዋለህ፤ ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ጊዜ በጫካው በኩል ሄዷል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ታየ ከተባለ ወዲህ ወሬው የለም። ጫማዬን አዩት። በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ጣና?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ጣና።»

«በመርከብ?»

«በመርከብ።»

«ደግ። እኔ ምን አልኩ? ጣና ነው እንጂ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ከጡታቸው ሥር እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት አወጡ፤ ላብ ያራሰው። «ለሞላ ነው። መቼም እዚያ ጣናው ዳር፣ ገዳሪፍን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።»

«እትዬ ጥሩዬ፣ በጌታ ይዤዎታለሁ፣ እውነቴን ነው የምልዎት።»

«እኔስ ውሸትሽን ነው አልኩሽ? ወትሮም ልጅ ሆነሽ ብልህ ነሽ።» ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ። ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።

ተከትያቸው ሄጄ ልመልስላቸው ይገባኝ ነበር። አልሄድኩም። መንገድ ላይ ወረቀት ሲያቀባብሉ ቢያዩንስ ብዬ። ቤቴ ሳስቀምጠው ደግሞ ቤቴ ቢፈተሽስ ብዬ። ወረቀቱን ከአንገረቡ ምንጣፍ ሥር አደረግሁት፤ እላዩ ተኝቼ አደርኩ፤ የተኛሁት ግን በአንተ በኩል ነው።

በሳምንቱ የቦርሳው ማሰሪያ ላላ። ሰፊው ሰዒድ ዘንድ ወሰድኩት። ሲመልስልኝ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ዐይኔን አላየኝም። «ማሰሪያውን እንዳትፈቺው። ጠብቋል» ብቻ አለኝ። ቤት ደርሼ ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ማሰሪያው ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። በክሊኒኩ መቀስ ፈታሁት። ደብዳቤ ነው፤ እዚያ ላለ ወንድሙ። አልጠየቀኝም እኮ። ኬላው ላይ ማሰሪያውን ዳብሰው ቢያገኙት ምንም ሳላውቅ እሄድ ነበር፤ የት እንደምሄድ ታውቃለህ። ልቆጣው ፈለግሁ። እሱ የፈራውን ያህል እኔም ስለፈራሁ ቁጣው አልወጣልኝም።

ትናንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። ጓድ ፈንታ፣ ራሱ፣ ብቻውን። የይለፍ ወረቀት ሰው ተሰልፎ ነው የሚወስደው፤ ለማንም ቤቱ ድረስ አያመጣም። ቁጭ በል ሳልለው ተቀመጠ። አንገረቡ ላይ። የእትዬ ጥሩዬና የሰዒድ ደብዳቤዎች ከምንጣፉ ሥር ናቸው።

«ጓዲት ብርቄ፣ ለጉዞው ዝግጁ ነሽ?»

«ዝግጁ ነኝ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ጫማ ገዝታለች አሉ።»

«መርከቡ ላይ እንዳያዳልጠኝ ነው።»

ዝም አለ። ውሃ ለመነኝ። ከአዲሱ ዚር ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጣ። አይቀዘቅዝም አለ። ወረቀቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ ማኅተሙን አየሁ። ከዚያ ተነሥቶ የግቢው በር ጋ ሄደና ግራና ቀኙን ተመለከተ። ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር።

«እህቴ» አለኝ።

ይህ ሰው ማንንም እህቴ ብሎ አያውቅም። ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣ። አበባ የምትባል ልጅ አለችው፤ አዲስ አበባ ትማራለች ይል ነበር። አዲስ አበባ የለችም ለካ።

«ብታገኚያት ስጫት። ካላገኘሻት አቃጥዪው።»

«እኔ የምሄደው ጎርጎራ ነው» አልኩት።

«ወረቀቱ ላይም እንደዚያው ነው የጻፍኩልሽ» አለና ፖስታውን የዚሩ ክዳን ላይ አኑሮ ወጣ።

ከሄደ በኋላ ወረቀቱን አነበብኩ። ስሜ አለ። የምነሣበት፣ የምደርስበት፣ ምክንያቱ አለ። ፊርማው አለ። ተመላሽ የሚሆኑበት ቀን ከሚለው ፊት ለፊት ግን ምንም የለም። ባዶ ነው።

ሳነበው ዋልኩ፤ ባዶውን። ይህ ሰው በሰው ወረቀት ላይ ነጥብ አይረሳም። ወጥመድ ይሆን? ወጥመድ ከሆነ ፖስታው ቤቴ ገብቷል፤ ነገ ኬላው ላይ ያልቅልኛል። ደግሞ ወጥመድ ባይሆንስ? ደግነት ቢሆንስ? ይህ የባሰ ያስፈራኛል። አትመለሺ ማለቱ ነዋ። ቀን ካልተጻፈ ቀረች ብሎ ቶሎ የሚፈልገኝ የለም፤ እስኪፈልጓት ራቅ ብላ ትሂድ ማለቱ ነው። የምፈራው ሰው ለእኔ አዝኖ በፊርማው ሲሸፍነኝ፣ እኔ ሎሚ ይዤ ልዝናና ነው የምሄደው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል፣ እነሱ እንዳሰቡት አሰብኩ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። ጫማው እግሬ ላይ ነው። ብወጣ ማንም አይገረምም፤ ተሰናብተውኝም የለ። ልጅ አልወለድንም። ሦስት ሰው የላከኝን አደርሳለሁ። ከዚህ አውራጃ፣ ከዚህ ኬላ፣ ከዚህ ማኅተም እገላገላለሁ።

ሌላም ነበረ። በጫካው በኩል ብሄድ ያን ዛፍ አላየውም።

የጎንደሩን መንገድ ከዚያ ቀን ወዲህ አልረገጥኩትም። በታኅሣሥ፣ ታመህ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ስወስድህ፣ የሰሊጥ ጆንያ የጫነ መኪና ላይ፣ ራስህን ጭኔ ላይ አድርገህ። ሸሕዲን ካለፍን በኋላ ቀዘቀዝክ። ሾፌሩን አቁምልኝ አልኩት፤ ግራር ሥር አቆመ። ድሬሰሯ እኔ ነኝ፣ ሰው የምወጋ፤ መርፌው እጄ ላይ ነበር፣ መድኃኒት አልነበረውም። ከዚያው ዞረን መልሰን አመጣንህ። ጣና ለመድረስ በዚያ ዛፍ ሥር ማለፍ አለብኝ። ለሰው ሁሉ ውሃ እፈራለሁ እላለሁ። ውሃውንም እፈራለሁ። ግን ይኄነው ስለዚያ ዛፍ ምንም ምክር አልሰጠኝም፤ ዛፉን አልነገርኩትማ።

እንደዚያ ሳስብ ቆይቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣሁ። ታውቃለህ፣ ብዙ አልቆየሁም። ድንጋይህ ላይ አንድ እንሽላሊት ተኝቶ ነበር። እንዳይነሣ ራቅ ብዬ ቆምኩ። እኔ ብሄድ ይህን ድንጋይ ማን ያየዋል አልኩ። ሌላ የረቀቀ ነገር አላሰብኩም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሦስቱን ደብዳቤዎች የመፍቻ ሳጥንህ ታችኛው ክፍል ውስጥ አደረግኋቸው፤ ግሪስ በነካው ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከትልልቆቹ መፍቻዎች ሥር። አንዱንም አላነበብኩም። ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ስመለስ ለየባለቤታቸው እመልሳለሁ። እትዬ ጥሩዬ ከመኪና ስወርድ ያዩኛል፤ አለመሄዴን አይተው፣ ደብዳቤያቸውም ለሞላ እንዳልደረሰ በዚያችው ቅጽበት ያውቃሉ። እውነቴን ነው ብዬዎት አልነበር ብዬ መከራከር አልችልም። ጓድ ፈንታ ፖስታውን ሲቀበለኝ ምን ዐይነት ፊት እንደሚያሳየኝ አላውቅም። ሸፍኖኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምስጢሩን ይዤ ጎረቤቱ ልኖር ነው። ለካ ሰው ከመሄዱ መመለሱ ያስፈራል።

ቢሆንም እመለሳለሁ።

አሁን የይለፍ ወረቀቱ እዚህ ጉልበቴ ላይ፣ ከደብዳቤህ ጎን ነው። ይህን እየጻፍኩልህ ባለሁበት እስክሪፕቶ ባዶውን ሞላሁት። እሑድ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት። የእሱ ቀለም ሰማያዊ ነው፣ የእኔ ጥቁር። ፊደሉን እንደ እሱ ለማድረግ ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለ፣ የራሴ ጽሕፈት ሆነ። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ጊዜ ወስዶ ካየው ይለየዋል። ማን ሞላው ቢለኝ ምን እንደምል፣ ገና ሳልሞላው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳስብ ነበር። እኔ ነኝ እላለሁ መሰለኝ። የምመለሰው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እኔ ሞላሁት።

ዛፉ ጋ ስንደርስ ዐይኔን አልጨፍንም። መርከቡ ላይ መሀል እቀመጣለሁ፣ ከሞተሩ ርቄ፤ ዳር ዳሩን አያለሁ። ቢዞር የምይዘው ብረት አለ አሉ። እይዘዋለሁ፤ ጆሮህ እንዳልሆነ እያወቅሁ። ውሃው ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ደሴት ላይ እንደ ፈራሁ፣ ማን ባርኔጣው ላይ እንዳስመለሰ፣ አንድ ሳላስቀር ይዤልህ እመጣለሁ። ስምህን በዚህ ከተማ የሚጠራ አንድ ሰው እስካለሁ ድረስ ድንጋይህ ድንጋይ ብቻ አይሆንም።

እሑድ ከመኪና እንደ ወረድኩ፣ ጫማዬን ሳልቀይር፣ ከእትዬ ጥሩዬም በፊት፣ መጀመሪያ አንተ ዘንድ ነኝ። ጠብቀኝ ማለት ለአንተ አይባልም። ግን ጽፌዋለሁ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ። ከላቤ የተነሣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እፍ እያልኩበት ነው።

ያንተው ብርቄ