«ሂድ» ላለው ሰው የተዘረጋ ሰሌን

ለተከበሩ የተባይ ርጭት በረራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ፣ ልጆቹስ፣ ወንበሩስ ደህና ነው? እኛ ከደራ ወጣ ብለን ያለነው ደህና ነን፤ እንዲህም ሆኖ ደህና ከተባለ። ልጄ ቶሌራ የመሥሪያ ቤትዎን ትንሽ አውሮፕላን ሲያበር ጭላሎ ተራራ ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ አላስቸገርንዎትም። ያለብን ምስጋና ግን በዘበኛዎ በኩል አልገባ ስላለ፣ ይኸው በአደባባይ ልኬዋለሁ።

አንደኛ፣ የምርመራውን ውጤት በወፍራም ወረቀት አሳትመው ስለላኩልን እናመሰግናለን። የልጅ ልጄ ሜቲ አነበበችልኝ። ልጄን የገደለው «ያልተጠበቀ የተራራ አየር ጠባይ» ነው ይላል። በሐምሌ ጭላሎ ላይ ጭጋግ ያልጠበቀ ሰው እርስዎ ዘንድ መገኘቱ ይገርማል፤ እኛ ጋ ፍየሎቹም ይጠብቁታል። እሱስ ይሁን። ቶሌራ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ለእናቱ ደውሎ፣ ተራራው ተሸፍኗል፣ ልቆይ ብላቸው ሂድ አሉኝ ብሏታል። ወረቀቱ ላይ ደመናው አለ፣ ነፋሱ አለ፣ ተራራው ከነቁመቱ አለ፤ ሂድ ያለው ሰው የለም። ሜቲን ደግመሽ እይው አልኳት። የለም።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎቻችንን ሥራ ስላላስፈቱብን እናመሰግናለን። በእኛ በአርሲ፣ ሰው ሆን ብሎም ይሁን ሳያስበው ነፍስ ካጠፋ ጉማ የሚባል ሥርዓት አለ። የአጥፊው ወገን እርጥብ ሣር ይዞ ይመጣል፣ ደጅ ቆሞ እኛ ነን ይላል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ እናትም ከሐዘን ሰሌኗ ትነሣለች። ያለዚያ አትነሣም። እርስዎ ገዳዩ ደመና ነው ስላሉን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩበት። የደመና ጎሳው ማን ነው? አባቱስ ማን ይባላል? አቶ ራህመቶ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ፣ ወደ ሰማይ መላክ ካስፈለገ እኔ መንገዴ ነውና ይዤላችሁ እሄዳለሁ አሉ። ማንም አልሳቀም።

ሦስተኛ፣ ስለ አበባው። ሪባን የታሰረበት፣ የባቱን የአበባ እርሻ የሚመስል ትልቅ ጉንጉን ላኩልን። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ነገር የተሸከመ ሰው ከሩቅ ሲያዩ፣ የአጥፊው ወገን መጣ ብለው ተነሡ። ያመጣው ጂብሪል የሚባል ባለ ባጃጅ ነው። ከፊታቸው አስቀምጠው ከማን ወገን ነህ ቢሉት ግራ ገብቶት፣ አባቶች፣ እኔ ከመናኸሪያ ነኝ፣ ፈርሙልኝና ልሂድ አላቸው። ሚስቴ ዱሬቲ ሰው መጣ ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ ከሰሌኗ ቀና ብላ፣ ሂድ ያልከው አንተ ነህ ወይ አለችው። ሰውየው የሚፈረመውን ወረቀት ኪሱ ከቶ፣ ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። አይደለሁም እማማ፣ እሱ እስኪመጣ ግን ትንሽ ልቀመጥ አላት። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ዋለ። አመሻሽ ላይ እሱም ሄደ፣ እሷም ተመልሳ ተኛች።

ከመሥሪያ ቤትዎ በኩል ከእኛ ጋር የተቀመጠው ጂብሪል ብቻ ነው፤ ሠራተኛዎ ባይሆንም ደመወዙን ቢያስቡበት ደግ ነው።

ሌላ ነገር አልጠየቅንም። ካሳ አልጠየቅንም፣ እስር አልጠየቅንም። ሂድ ያለው ሰው ይምጣና እኔ ነኝ ይበል። ማንም አይነካውም። ውሃ እንሰጠዋለን። ከዱሬቲ ጎን ሰሌን ዘርግተንለታል፤ ቀን ሰው እንዳይቀመጥበት እኔ እጠብቀዋለሁ። ሴትዮዋ ትነሣ እንደሆነ ነው።

ከወንበርዎ እንዳይወድቁ እየጸለይኩ፣ ከወደቁም በአየር ጠባይ ነው የሚልልዎ ወፍራም ወረቀት እንዳያጡ እየተመኘሁ፣

በቃሌ አስጽፌ ጣቴን ያተምኩ
ገመዳ ኑሬ፣ የቶሌራ አባት

ማስታወሻ፦ መልስዎን በጽሑፍ አይላኩት፤ ማንበብ አልችልም፣ ሜቲም እንዲህ ያለ ወረቀት ከእንግዲህ አላነብም ብላለች። በሰው ይላኩት። የሚመጣው ሰው መንገድ ላይ ጭጋግ ከያዘው፣ እስኪገልጥ ይቆይ፤ እኛ አናጣድፈውም።