ከመኪናው ሥር የሚፈስሰው ውሃ

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከጨው ሜዳው ነፋስ ቀድሞ ይድረስህ። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ብርዱ ሲጠና እንደሚነሣብህ አውቃለሁና የላማ ሞራ አሙቀህ ማሸቱን አትተው። የፕሩደንሲያ ዓይንስ ተሻለው? ላማዎቹስ ውርጩን ቻሉት? እኔ ደህና ነኝ። ጣቶቼ በብርድ ከመሰንጠቃቸው በቀር ቅሬታ የለኝም፤ እሱም ቢሆን በዚህ አገር የሁላችን ዕጣ ነው።

ደብዳቤህን ከኡዩኒ ገበያ የሚመለሰው የአውቶቡስ ሹፌር ሐሙስ ዕለት አደረሰልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደምታውቀው ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ሳሙና ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከዘይት ጣሳ ጎን ላይ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሲደርሰኝ እንደ ደረቅ ሥጋ ቀስ ብዬ ነው የማኝከው። ኖኤሚ ልትወልድ መሆኑን ሳነብ አለቀስኩ። ያቺ በስንት ጭንቅ የመጣች ልጅ በተራዋ እናት ልትሆን! "አክስቴ ካልመጣች አልወልድም ትላለች፤ መቼም እልኸኛነቷ የወጣው ወደ አንቺ ነው" ያልከውን ሳነብ ደግሞ ሣቅኩ።

ከታች ግን፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ መስመር ጨምረሃል። "ያ ውሃ ሻጭ ሳቱርኒኖ፣ ማዕድን መንደር ውስጥ ሳንባው አልቆ ተኝቷል አሉ። እግዚአብሔር ይዘገያል እንጂ አይረሳም" ትላለህ። አምስት ቀን ሙሉ ብዕሩን እያነሣሁ የጣልኩት በዚህች መስመር ምክንያት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ያልነገርኩህ ነገር አለ። ተቀመጥና አንብበው። ፕሩደንሲያም ትስማ።

የዚያን ዓመት የሰኔውን የሳን ሁዋን በዓል ዋዜማ መቼም አልረሳኸውም። ከዓመቱ ሁሉ የሚከፋው ብርድ የሚወርደው በዚያ ሌሊት ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አንተ ያኔ ጌታን ከተቀበልክ ስድስት ወርህ ነበር። በቤት ያለውን የመጠጥ ጠርሙስ ሁሉ አውጥተህ ሰብረሃል። እናታችን ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር፣ ጠብታ ስታፈስስ አይተሃት፣ "ከእንግዲህ ለምድር መጠጥ የሚያፈስስ ሰው፣ እናቴም ብትሆን፣ ከዚህ ጣራ ሥር አያድርም" ብለህ በፓስተሩ ፊት ምለሃል። ቃልህን እንደማታጥፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በቤታችን የቀረው አልኮል ለመኪናው ራዲያተር የምትጨምረው ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ማታ ማታ ከሥር ከፍተን ውሃውን እናፈስሰዋለን፤ ጠዋት በቁጥቋጦ እንጨት አሙቀን መልሰን እንሞላዋለን። ውሃው ከአልኮል ጋር እኩል ከተደባለቀ በረዶ እንደማይሆን ያስተማረህ ሳቱርኒኖ ነው። የሁለታችሁንም ጀሪካን ከኦሩሮ ከተማ የሚያመጣው እሱ ነበር። "የወንድምሽ ቤት ታድሏል፤ የሚጠጣው መኪናው ብቻ ነው" እያለ ያሾፍብህ ነበር፤ አንተም ትሥቅ ነበር። አልኮሉን ስትጨምር ሽታው ወደ አፍንጫህ እንዳይገባ ፊትህን ታዞራለህ፣ ትንፋሽህንም ትይዛለህ። "ምነው ፈራኸው? አይነክስህም እኮ!" ቢልህ፣ "አንተን ነክሶህ አልቋል፣ ምን ትፈራለህ" ብለህ መለስክለት። ወንድማማች የምትመስሉበት ጊዜ ነበር።

ዋዜማው በዋለበት ማክሰኞ ፕሩደንሲያ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። አንተ ጨው ጭነህ ሄደሃል። አዋላጇ እጇን ታጥባ፣ "የኔ ነገር አበቃ" ብላ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። እናታችን ጠራችኝና፣ "ምድር ተጠምታለች። ከጥር ጀምሮ በዚህ ቤት ጠብታ አልቀመሰችም። ሂጂ የመኪናውን አምጪ" አለችኝ።

"እማዬ፣ ወንድም ጋሼ ምሏል" አልኳት።

"የማለው እሱ፣ የምትሞተው ሚስቱ" አለች።

ጀሪካኑን ወሰድኩና ከላማዎቹ አጥር ጀርባ ኮካ ቅጠል በትኜ፣ በእናታችን ማሰሮ እየቀዳሁ አፈሰስኩት። ጥቂት ይበቃ ነበር፤ እናታችንም ያለችኝ ጥቂት ነው። ነገር ግን የፕሩደንሲያ ጩኸት እስከዚያ ድረስ ይሰማኝ ስለነበር እጄን ማቆም አቃተኝ። ሁሉንም አፈሰስኩት። በዚህ መሐል የሳቱርኒኖ መኪና በመንገዱ መጣ። አየኝ። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ከዚያ ባዶ መሆኑ እንዳይታወቅ ጀሪካኑን ውሃ ሞላሁና ቦታው መለስኩት። አንተ የምትጨምረው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ሐሙስ ከገበያ ገዝቼ እተካዋለሁ ብዬ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኖኤሚ ተወለደች። አንተም ደረስክ። ልጅህን አቅፈህ አለቀስክ። ቀጥለህ በመስኮቱ ሰማዩን አየህና፣ "ዛሬ ውርጩ የሚምር አይመስልም፤ ለመኪናውም ድርሻውን ልስጠው" ብለህ ወጣህ።

ስትል ሰምቼሃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ለንስሐ አባት እንኳ ያልተናገርኩት ይህንን ነው። ሰምቼህ ልከተልህ ተነሣሁ። እናታችን እጄን ያዘችኝ። አትሂጂም ሂጂም አላለችኝም፤ ያዘችኝ ብቻ። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንተ ከራዲያተሩ ግማሹን አፍስሰህ ያን ጀሪካን ውሃ ፊትህን አዙረህ ሞላህበት።

ጠዋት የሞተሩ ጎን ተሰንጥቆ፣ በረዶው በስንጥቁ እንደ ምላስ ወጥቶ አገኘኸው። ሳቱርኒኖ የመጣው ለአራሷ ዳቦ ይዞ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ነበር። "ምንድነው ያመጣህልኝ?" ብለህ አንገቱን አነቅከው። እሱ ጀሪካኑ ሥር የቀረችውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎም በሩ ላይ ተከናንባ የቆመችውን እናታችንን አየ።

"ውሃ ነው" አለ።

"ማን ውሃ አደረገው?"

"እኔ። መንገድ ላይ ጠጣሁትና ውሃ ሞላሁበት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው አትፈልግ" አለ።

ከበዓል ቀን በቀር አፉን በመጠጥ የማይነካ ሰው እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ግን ተቆጥተህ ነበርና አላሰብከውም። መታኸው። ዳቦው መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ለቀመው፣ አቧራውን አራገፈና ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ።

በሐምሌ፣ በካርመን በዓል፣ የሳቱርኒኖ እናት እኔን ለልጇ ልትጠይቅ የጋብቻ ሻርፕ ይዛ ወደ ቤታችን ልትመጣ ነበር። ቀኑን የቆረጥከው አንተው ነህ፤ የሚታረደውን ላማ ሳይቀር መርጠህ ነበር። አልመጣችም። አንተም ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሣህም፤ ለእኔ ማዘንህ እንደነበር አውቃለሁ። "ከሌባ እጅ አወጣሁሽ" ያልከኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ድንች መላጤን ቀጠልኩ።

ስሙ ውሃ ሻጭ ሆኖ ቀረ። ልጆች ሳይቀሩ በመኪናው ኋላ እየሮጡ "ውሃ! ውሃ!" ይሉት ነበር። ጨውም ሆነ ዱቄት አምኖ የሚጭንለት ጠፋ። መኪናውን ሸጦ ማዕድን ገባ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንን አቧራ ተነፈሰ። ስለዚህ ሳንባውን ያጠፋው እግዚአብሔር አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። ዳኛውን አትሳተው። የኔ ዝምታ ነው።

ለምን አልተናገርሽም ትላለህ። መጀመሪያ እናታችን ከቤት እንዳትወጣ ብዬ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ቆይቶ ግን መሐላህም ላልቶ ነበር፤ እናታችንም አርጅታ ምንም እንደማታደርጋት አውቅ ነበር። ያኔ ያስፈራኝ አንተ ሳትሆን ያለፉት ዓመታት ናቸው። ዛሬ ብናገር ትናንት ለምን አልተናገርሽም እባላለሁ እያልኩ አንዱን ቀን በሌላው ላይ ጨመርኩበት።

እናታችንን ከቀበርን በኋላ፣ ጨው ከሚያወጡት ሠራተኞች ሰፈር ሄጄ አበስላለሁ ብዬህ ነበር። ማብሰሌ እውነት ነው። የማበስለው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም ከሾርባ በቀር አይወርድለትም። ማዕድን መንደሩ ስደርስ ሳቱርኒኖ በሩን ከፍቶ አየኝና፣ "መንገዱ ረጅም ነበር መሰለኝ" አለኝ። ከዚህ ሌላ አልወቀሰኝም። አሁን ይህን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ያለው ሻርፕ ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ቢጫ ክር አለው። እናቱ ስትሸምነው ፕሩደንሲያ አይታለች፤ ጠይቃት።

አንድ አሮጌ መኪና አለው። የምነዳውም የምንከባከበውም እኔ ነኝ። በአልኮል መሙላት ቀርቷል፤ አልኮል ሞተሩ ሲሞቅ ይተንና ውሃው ብቻውን ይቀራል፣ በየሳምንቱ መጨመር አለበት። አሁን በጣሳ የሚሸጠው አረንጓዴው ኩላንት ነው ያለው። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብለት፣ ንጹሁን ብቻውን አትጨምሩ፣ ከውሃ ጋር እኩል ካልተደባለቀ እሱ ራሱ ቶሎ በረዶ ይሆናል ይላል። "እንደ ወንድምሽ ነው በይኛ! በጣም ንጹሕ የሆነ ነገር ቶሎ ይደርቃል" ብሎ ሣቀ። አትቀየመው፤ ስምህን ያነሣው በቀልድ ነው። በክፉ አንሥቶት አያውቅም።

ደብዳቤህንም አነበብኩለት። ያቺን መስመር ግን ዘለልኳት።

"ዘለልሽ" አለኝ።

"አልዘለልኩም" አልኩት።

"ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ውሸት ሳትለምጂ!" ብሎ ሊሥቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ጋብ ሲልለት፣ "ጉልበቱን እንዴት አደረገው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሐኪሙ ነሐሴን አያልፍም ብሎኛል። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ግን ያውቃል። ስለዚህ ነው ወደ ኖኤሚ አሁን መምጣት ያልቻልኩት። አልጋው ላይ ትቼው አልወጣም። እስክመጣ ድረስ እልኳን ቻሉልኝ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ይቅርታ ጠይቀው አልልህም፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ከሁለታችሁም። ከዚህ በኋላ ደጅህን ብትዘጋብኝ ቅር አይለኝም። ግን ከሳን ሁዋን በፊት ና። ውሃ ሻጭ ሳትል፣ ዱሮ በአንድ መኪና ስትሄዱ እንደምትጠራው፣ "ሳቱ" ብለህ ግባ። ያችን ቃል ከአንተ አፍ ሰምቶ ቢሄድ ሌላ አልፈልግም።

የሚገርምህን አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። መኪናዋ ኩላንት ካላት አራተኛ ዓመቷ ነው፤ ማፍሰስ አያስፈልጋትም። እሱ ግን ልማዱ አልለቀቀውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአልጋው ሆኖ፣ "ውሃውን አፈሰስሽው?" ይለኛል። አያስፈልግም እኮ ብለው እሺ ይላል፤ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ በእናታችን ማሰሮ ውሃ እይዝና ወጥቼ ከመኪናዋ ሥር ቀስ አድርጌ አፈስሰዋለሁ። በመስኮቱ ይሰማዋል። ስገባ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘዋለሁ።

አንተ ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ፈሳሽ አላምን ብለህ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ታፈስሳለህ አሉ። እንዲያውም ደህና ሆነ። ስትመጣ ምሽቱን ድረስ። መኪናህን ከደጃፋችን፣ ከመስኮቱ ሥር አቁማትና ወደ ቤት ከመግባትህ በፊት ውሃውን በራስህ እጅ አፍስሰው። ድምፁን ሲሰማ፣ ማሰሮ አለመሆኑን ይለየዋል።

መንገድህን ውርጭ አያግኘው። ጉልበትህን ይጠግንልህ። የፕሩደንሲያን ብርሃን ይመልስላት፤ የኖኤሚን ማሕፀን በሰላም ይፍታላት። የሚወለደውም ልጅ እንደ እናቱ በሕይወት ይድረስ እንጂ ማንም በእሱ ምክንያት አይጎዳ።

ያቺው ታናሽ እህትህ