ሽፋኑ ያልተሳለ ጥራዝ

ይድረስ ለቀድሞ ባልደረባዬ፣ ለልብ ወዳጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዓይንሽ እንዴት ነው? ቀለም ስትቀላቅዪ ሰማያዊና አረንጓዴ እየተምታታብሽ እንደሆነ ጽፈሽልኝ ነበር። ፊደሌን ጎላ አድርጌ የምጽፈው ለዚያ ነው። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ካላየ አይናገርም።

ምክርሽን የምሻበት ነገር ገጥሞኛል። ከቤቴ ሁለት መንገድ አልፎ የነበረው ፀጉር ቤት ባለቤቱ ስለሞተ ተዘግቷል። ሚስቱ ክፍሉን ልታከራየው ነው፤ እስከ ቅዳሜ ቁርጡን እንድነግራት ጠይቃኛለች። እኔ ደግሞ መጽሐፍና ደብተር መጠረዣ ልከፍትበት አስቤያለሁ። ሳቂ፣ ግድ የለም። "አንተ ትሰፋለህ፣ እኔ ሽፋኑን እስላለሁ" ያልሽው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ የሻይ ብርጭቆሽን መስኮቱ ላይ አስቀምጠሽ ነበር። ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

ሴትየዋ ቁልፉን አውሳኝ፣ ከሰዓት በኋላ ወንበር ይዤ እየገባሁ እቀመጣለሁ። መስታወቶቹ የተነቀሉበት ግድግዳ ላይ ሦስት ነጣ ያሉ አራት ማዕዘኖች ቀርተዋል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አንዱን ታበራለች፣ ቆይታ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ፣ እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ እኔም አላውቀው፣ መደርደሪያዎቹ ቆመው ይታዩኛል፤ የሙጫው ሽታ ይመጣል፤ ከግድግዳው ወዲያ፣ ያኔ ሥዕል ስታስተምሪ እሰማው እንደነበረው፣ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሄድ እሰማለሁ። ነቃ ስል ለካ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ሶል እየሞረደ ነው።

የእህቴ ልጅ በክፍሉ ነገር አልተስማማችም። "ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ማን ደብተር ተሸክሞ ይመጣል? ስልክ ላይ ገጽ ልክፈትልህና ቤትህ ቁጭ ብለህ ሥራ" አለችኝ። የጠረዝኩትን መጽሐፍ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። የስፌቱ ርቀት እኩል አይደለም ብዬ አስጠፋኋት። ደግማ አነሳች፤ ደግሜ አስጠፋሁ። በአምስተኛው "አንተ እኮ ለደንበኛም የቤት ሥራ ሳትሰጥ አትቀርም!" ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን የገዛ እጄ ነው። ሴትየዋ ለሙከራ የባሏን ደብተር ሰጥታኝ ነበር። ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት፣ ያደረበትን ሕልም ይጽፍበት ነበር። በአንደኛው ሕልሙ ወንዝ ረጅም ፀጉር ሆኖለት፣ እሱ ዳር ቆሞ ያበጥረዋል። ስፌቱን ፈታሁ፣ ገጾቹን አስተካከልኩ፣ አዲስ ክር አስገባሁ። ከዚያ አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አነበብኩ። ደብተሩን ስዘጋው ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ነው። በየገጹ ግርጌ "ታይቷል" ብዬ፣ ፈርሜ፣ ቀን ጽፌበታለሁ! በወንዙ ሕልም ሥር ደግሞ "ጨርሰው" የሚል ትእዛዝ አክያለሁ። አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ያረመ እጅ እኔን ፈቃድ አልጠየቀኝም።

ወስጄ ጥፋቴን ነገርኳት። ቆማ ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። "ጠዋት ጠዋት ላንብብልሽ ሲለኝ፣ ሻይ ጥጃለሁ፣ በኋላ እለው ነበር" አለች። ቀጥላ ጣቷን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፈች፤ "እንኳንም አንድ ሰው አየለት፣ መምህር። ይቺን ጨርሰው ያሏትን እኔ እጨርስለታለሁ።"

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። አሥራ አንድ ናቸው። የዓይንሽ ነገር በመጨረሻው ላይ ነው፤ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንድም መልስ እንዳልደረሰሽ አውቃለሁ። የማታውቂው፣ ለሁሉም መጻፌን ነው። ረቂቁን አርሜ በንጹሕ ወረቀት እገለብጠዋለሁ፤ ሳነበው ሌላ ጉድለት አገኝበትና ለነገ አሳድረዋለሁ፤ በዚህ መሐል ሌላ ደብዳቤሽ ይመጣል። በአሥራ አንደኛው መጨረሻ ላይ "ልምጣ?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ ለዚያች አንድ መስመር ብቻ አሥራ ዘጠኝ ረቂቅ አለኝ።

ደብዳቤዎችሽንና ረቂቆቼን በየቦታቸው አሰናኝቼ ጠረዝኳቸው። ሥራውን የጀመርኩት ቀዩን እስክሪብቶ ለእህቴ ልጅ አስረክቤ ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ ወፍራሙ ጥራዝ እሱ ሆነ። ሽፋኑ አልተሳለም።

ክፍሉን ልያዝ ወይስ ልተው ብዬ ነበር ልጠይቅሽ የተነሳሁት። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ከቅዳሜ በፊት እንደማይደርስሽ አስልቼ፣ ዛሬ ጠዋት ረቂቅ ሳላዘጋጅ ሄጄ ሴትየዋን ይዣለሁ አልኳት። በመስኮቱ አጠገብ ብርሃን የሚበዛበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ አንድ የሥዕል ጠረጴዛ በደንብ ይይዛል። እዚያ ሰማያዊና አረንጓዴ አይምታቱም። ከቁልፉም ሁለት አስቀርጫለሁ።

እዚህ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ሰርዣለሁ። አልገለብጠውም፤ ፖስታው ተከፍቶ እየጠበቀኝ ነው።

ጤና አይለይሽ። ዓይንሽን አምላክ ይጠብቅልኝ፤ መንገድሽንም፣ መንገድ ካለሽ፣ ያቅናልሽ።

ከግድግዳሽ ወዲያ የነበርኩት መምህር