የተመታውን አየሁ ብዬ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለናዲያ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ ያስወጣሻል? ባልሽን ኮሊንን ያ ሳል ለቀቀው? ልጅሽ ሚላስ እዚያ አውስትራሊያ የፐርዝን ሙቀትና የፈተናዋን ወከባ እንዴት ይዛዋለች? እኛ እዚህ በረዶው እስከ መስኮቱ ደፍ ደረሰ እንጂ ጤናችን ደህና ነው። እማማም ትበላለች፣ ትራመዳለች፣ እኔንም እንደ ልማዷ ትቆጣለች። ደህና ያልሆነው አንጀቴ ነው፤ እርር ድብን ብሏል። ስለዚህ ጽሑፌ ቢረዝም ታገሺኝ።

እማማ በስልክ «ኦረስት ሬዲዮውን ተወው» ብላሻለች አሉ። አልተውኩም፤ አስወጡኝ።

አጀማመሬን አንቺ ታውቂያለሽ። ከጎተራው ጀርባ ኩሬው በረዶ ሲሆን እናንተ ትንሸራተታላችሁ፤ እኔ እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ የበረዶው ክምር ላይ ቆሜ፣ የሾርባ ጭልፋ አፌ ላይ ደቅኜ «ናዲያ ነጠቀች፣ ናዲያ አለፈች» እል ነበር። አባባም «የዚህን ልጅ አፍ ብርድም አይዘጋው» ይል ነበር። ያው አፍ እንጀራዬ ሆነ። የበረዶ ሆኪ ቡድናችን የኬስትረል ቀበሮዎች በተጫወቱበት ሁሉ፣ አውቶቡሱ በበረዶ ማዕበል ተይዞ ባደረበትም ጊዜ ሳይቀር፣ አብሬያቸው ነበርኩ። በዱላ የሚመቷት ጥቁሯ ጎማ ከዓይን ትፈጥናለች፤ ምላሴ ከእሷ እኩል ካልሮጠ ላም የሚያልበው ገበሬ፣ መንገድ ላይ ያለው ሾፌር፣ አልጋ የያዘው ሽማግሌ ምኑን ያያል? እነሱ የሚያዩት በእኔ ዓይን ነው። እኔም ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አላውቅም።

በጃንዋሪ እዚሁ ሜዳችን ላይ ስንጫወት፣ ቴረል የሚባል ተከላካያችን ጎማዋን ከግድግዳው ሥር ሊያወጣ ጎንበስ እንዳለ ከኋላው ተገጨ። ጭንቅላቱ ከግድግዳው በላይ ካለው መስተዋት ጋር ሲላተም ድምፁ እኔ ካለሁበት ጣራ ሥር ድረስ ተሰማ። ወደቀ። ሲነሣ ወደ ራሱ ቡድን መሄዱን ትቶ በተጋጣሚዎቹ ወንበር ሊቀመጥ ሄደ። እነሱ ራሳቸው ደንግጠው በክንዱ ይዘው መለሱት። እኔም በማይኩ «ቴረል የት እንዳለ አላወቀም» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? የማይታመን የሚሆነው ከእረፍት በኋላ ነው፤ አሰልጣኙ ሪክ ልጁን መልሶ አስገባው። ጎማዋ በፊቱ ስታልፍ ዓይኑ አይከተላትም። «ይህን ልጅ ማን እንዳስገባው አላውቅም፤ መጫወት አይችልም» አልኩ፤ ይህንንም ደጋግሜ አልኩት።

የቴረል አያት ወይዘሮ አግነስ በስተሰሜን፣ ክሪ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝባቸው ጋር ነው የሚኖሩት። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የልጅ ልጃቸው ሲጫወት በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ በሬዲዮ ነው የሚከታተሉት። ይህን ሲሰሙ ወደ ሜዳው ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው ድንች ጠባሿ ጃኒስ ናት። «እኔ አያቱ ነኝ። ልጄን አሁኑኑ አውጡልኝ» አሏት። ጃኒስ ሽርጧን እንዳደረገች አሰልጣኙ ጀርባ ሄዳ ቆመች።

«ወደ ድንችሽ ተመለሺ» አላት ሪክ፣ ዞርም ሳይል።

«ድንቹ ይረር! ልጁን አውጣው» አለችው።

እምቢ ሲላት ወደ ተመልካቹ ዞራ «እዚህ ነርስ የለም ወይ?» ብላ ጮኸች። አንዲት ሴት ከላይ እየዘለለች ወረደች። ልጁን አውጥተው ገና ሳያስቀምጡት አስመለሰው፤ ከዚያም ራሱን ሳተ። ከተማ ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ሐኪሙ «አንድ ጊዜ ደግሞ ቢመታ ኖሮ አታገኙትም ነበር» ማለቱን ነርሷ ነገረችኝ።

ኦረስት ይመሰገናል ብለሽ ትጠብቂ ይሆናል። ሰኞ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ብሬንት ጠራኝና የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ መክፈቻ ላይ «ከሩቅ ስለነበርኩ በደንብ አላየሁም፤ አሰልጣኙን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ እንዳነብ ነው።

«ኦረስት፣ አንተ የቡድኑ ድምፅ ነህ እንጂ ሐኪሙ አይደለህም» አለኝ። «ደግሞስ ከጣራ ሥር ሆነህ ምን ታያለህ?»

«ከጣራ ሥር ሆኜ ስንት ጎል አይቻለሁ፤ ያኔ እንዴት አየህ ያለኝ የለም» አልኩት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ከከተማ አንድ ድምፁ የሚያምር ጎልማሳ አመጡና በእኔ ወንበር አስቀመጡት። የጣቢያው ባለቤትም፣ የክርስትና አባቱ የሆንኩለት ልጁ ፊት፣ «ቡድኑ ውላችንን እንዳያፈርስ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሰው አንገቱን እንዲህ ከደፋ ቀና የሚለው መቼ ነው?

ከዚህ ሁሉ ያቃጠለኝ ግን የከተማችን ሰው ነው። ቁርስ ቤት ስገባ ትናንት ትከሻዬን መታ መታ የሚያደርገኝ ሁሉ ሳህኑን ያያል። ባለ ትራክተሩ ገስ ብቻ ቀና ብሎ «በአንተ አፍ ምክንያት ተከላካያችንን አጥተን ዋንጫው አመለጠን» አለኝ። «ልጁስ ቢያመልጠን?» ስለው «እሱማ ተርፏል አይደል» ብሎ እንቁላሉን መብላቱን ቀጠለ። እህቴ፣ ያን ጊዜ ሳህኑን ብገለብጥበት ደስ ባለኝ። አብራኝ የነበረችው ሚስቴ ሮዛሊ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይዘሮ አግነስ ቤቴ ደወሉ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ» አሉኝ፣ «የቤተሰባችንን ስም በሬዲዮ ስትገድለው ነው የከረምከው። ናትዌይስ ሳይሆን ናቴዌዬስ ነው። በል እስቲ ድገመው።» ደገምኩት። «እንደገና።» እንደገና አልኩት። «እንግዲህ አውቀኸዋል። የእኛም ሬዲዮ ጣቢያ አለ፤ በፋሲካ ሰሞን ውድድር ስላለን መጥተህ ታስተላልፍልናለህ» አሉና ዘጉት። እሺ ወይም እምቢ ለማለት እንኳ ፋታ አልሰጡኝም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ አድማጩ አዲሱን ሰው ስላልወደደው ብሬንት ደወለልኝ። «ያለፈው አለፈ፤ ተመለስ» አለ። «ወረቀቱስ?» አልኩት። «ማንበቡ ይቀራል፤ ብቻ ስለ ልጁ ዳግም አታንሣ» አለኝ። «መጀመሪያ ለአያቱ ደውል፤ አንድ ቃል ተናገራቸው» አልኩት። «ጠበቃችን ከልክሎናል» አለ። እስከ ዛሬ ከዚያ ቡድን ለእኚያ ሴት የደወለ አንድ ሰው የለም፤ ሪክም በቦታው አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ነገ ጠዋት ወደ ሰሜን እነዳለሁ። ቴረል ከእንግዲህ አይጫወትም፤ ግራ እጁ ገና ነው፣ ብዙ ጫጫታም ይከብደዋል። ቢሆንም ከጎኔ ካልተቀመጥኩ ብሏል። ትናንት በስልክ «አንተ ጎማዋን ተከተል፤ የተመታውን እኔ አይልሃለሁ» አለኝ። እኔም እሺ ብያለሁ።

ኮሊንን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ሚላን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የባልሽን እናት ወይዘሮ ኢዲዝንም ሰላም በይልኝ። እማማ፣ ሮዛሊና ልጆቹ ሁሉ ናፍቆታቸውን ልከውልሻል። ጉልበትሽን አደራ።

ወንድምሽ ኦረስት ሃሉሽካ

ኬስትረል፣ ሳስካችዋን፤ ማርች 29 ቀን 1996