የሊጥ ማሽኑን አደብ ያስገዙት የታላቅ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችንን «አምፖል ቀያሪ» ብሎ የሰደባቸው የዳቦ ፋብሪካው መሐንዲስ ነው። ቀኑ ዓርብ ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል፣ ቦታው ማቡኪያ ክፍል ሲሆን፣ ሥራ አስኪያጁና አሥራ አንድ ሠራተኞች ቆመው ሰምተዋል። ሟች በሳምንቱ ረስተውታል፤ ቤተሰቡ ግን አልረሳም።

ወንድማችን ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ኅዳር 9 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያልቀጠሉት ጭንቅላት አንሷቸው ሳይሆን፣ አጎታችን «ሬዲዮ ለሚፈታታ ልጅ ደብተር መግዛት ብክነት ነው» ስላሉ ነው። አጎታችን ዛሬም በሕይወት አሉና ይስሙት። ወንድማችን ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ገብተው ብየዳ ለመዱ፤ አጎታችንም ሬዲዮአቸውን ሦስት ጊዜ በነጻ አሠርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. በዳቦ ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ጥገና ረዳትነት ተቀጠሩ። በ1979 ዓ.ም. በማሸጊያ ክፍል ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ጠዋት ሲነሡ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ግድግዳውን ትክ ብለው ሳያዩ ቃል አይወጣቸውም ነበር። ልጆቹ በጥያቄ ሲያጣድፏቸው ባለቤታቸው «ተዉት፣ አባታችሁ ገና ኃይሉ አልሞላም» ይሉ ነበር። ወንድማችንም ውኃው ትን እስኪላቸው ይስቁ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በገቡበት ረዳትነት ነው የወጡት። ከዚያም በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እንኳ ነርሷን «ይቺ ማሽን መብራት ሲወርድ ማን ይጠብቃታል?» ብለው አስቀዋታል። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም ከሌለበት ያሳርፍልን።

ያ ዓርብ ግን አብሯቸው አይቀበርም።

ያን ዓመት ፋብሪካው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የሊጥ ማሽን አስመጥቶ ነበር። ማሽኑ ሰነባብቶ ያብድ ጀመር። ማንም ሳይነካው ይነሣል፣ ዱቄት ደግሞ ደጋግሞ ይጨምራል፤ አንድ ቀን የሥራ አስኪያጁን ጥቁር ሙሉ ልብስ ነጭ አደረገው። ሥራ አስኪያጁ ጥገና ክፍሉን እበትናለሁ ብለው ማሉ። መሐንዲሱ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ቆይቶ ሲሰካው ማሽኑ ጨዋ ሆኖ ስለሚነሣ፣ ጥፋቱን በጥገና ሠራተኞቹ ላይ ጫነ።

ወንድማችን ግን ከጠረጴዛቸው በላይ ያለችውን አምፖል ሲያዩ ከርመው ነበር። የምድጃው ትልቅ ማራገቢያ በተነሣ ቁጥር አምፖሏ ለቅጽበት ትደበዝዛለች፤ ማሽኑም የሚያብደው ያኔ ነው። መብራት ጨርሶ ሲጠፋ የማሽኑ አንጎል ይተኛል፣ ሲመጣ ከሀ ይጀምራል። ለቅጽበት ሲወርድ ግን ሳይተኛ ሳይነቃ ይቃዣል። ይህን ቢናገሩ ነው መሐንዲሱ «አንተ አምፖል ቀያሪ፣ አምፖልህን ጠብቅ» ያላቸው።

ወንድማችን ከሞተ ማሽን ላይ ባለ ሦስት እግር፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ ነቅለው በምሳ ሰዓት ከሊጥ ማሽኑ አንጎል ጋር በየዷት። ሥራዋ ዘብ መቆም ነው፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲወርድ አንጎሉን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፣ ሞልቶ እስኪረጋም አትለቀውም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ማራገቢያው እንዲነሣ አስደረጉ። አምፖሏ ደበዘዘች። ማሽኑ ቀጥ አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያም ቁልፉ እስኪጫን አርፎ ጠበቀ። ዐሥር ጊዜ ደገሙት፤ አንዴም አልቃዠም። ሥራ አስኪያጁ ጥገና ክፍሉ ይቀጥላል አሉና የመሐንዲሱን እጅ ጨብጠው አመሰገኑ። እሱም እጁን አልሰበሰበም። ሠራተኛው ሁሉ ግን ፊቱን ወደ ወንድማችን አዙሮ አጨበጨበ።

መሐንዲሱ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ አምፖል ቀያሪው፣ ይህን ማን አስተማረህ?» አላቸው።

ወንድማችን ትክ ብለው አዩት። የመጋዘኑ አምፖል ተቃጥሎ ነበር። መሰላላቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና ሊቀይሩት ሄዱ።